ቀለበት ያለው ፕሮፔለር ወይስ ክፍቱ? ድሮን ለሚገዙ

ፕሮፔለሩ በቀለበት የታጠረ ድሮን ጉልበቱም ሆነ የባትሪ ቁጠባው ይበልጣል ሲባል ይሰማል። አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ገበያ ላይ ላሉት ለአብዛኞቹ ትንንሽ ድሮኖች ግን አይሠራም። ቀለበት ያለው ድሮን መገዛት ያለበት ለሌላ ጥቅም ነው።

ክፍት ፕሮፔለር አየሩን ወደ ታች ሲገፋው የአየሩ ዓምድ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ስፋቱ የፕሮፔለሩን ክብ ግማሽ ያህል ይሆናል። በደንብ የተሠራ ቀለበት፣ ባለሙያዎች ዳክት የሚሉት፣ ይህን መጥበብ ይከለክላል። የላይኛው ጠርዙ ወፍራምና ክብ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር በጠርዙ ላይ ተጠማዝዞ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ በዚህም ቀለበቱ ራሱ ወደ ላይ ይሳባል። ድሮኑ ባለበት ሲያንዣብብ፣ በስሌት ደረጃ፣ ከጠቅላላው ገፊ ኃይል ግማሹ የሚመጣው ከቀለበቱ ነው። የፕሮፔለሩ ስፋትና የሞተሩ ኃይል ሳይለወጥ 26 በመቶ ተጨማሪ ገፊ ኃይል ይገኛል። ወደ ታች ሳይሰፋ ቀጥ ላለ ቀለበት ጣሪያው ይህ ሲሆን ሰበቃውም ሆነ የቀለበቱ ክብደት አልተቆጠረበትም።

ወደ ጣሪያው ለመጠጋት በፕሮፔለሩ ጫፍና በቀለበቱ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ከፕሮፔለሩ ዲያሜትር 1 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ባለ 3 ኢንች ፕሮፔለር 76 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱ የአንድ የባንክ ካርድ ውፍረት ያህል መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ ድሮኑ ጠፍቶ ሳለ ካርድዎን በክፍተቱ አስገብተው ይሞክሩ። ካርዱ በሰፊው የሚላወስ፣ የቀለበቱም ጠርዝ ቀጭንና ስለታም ከሆነ፣ የያዙት ዳክት ሳይሆን የጣት መከላከያ ነው። መከላከያም ዋጋ አለው፤ ለገፊ ኃይል ብለው ግን ገንዘብ አይጨምሩበት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የስፋትን ጉዳይ ነው። እንከን የሌለው ቀለበት የሚሰጠው ጥቅም የፕሮፔለሩን ዲያሜትር በ41 በመቶ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ባለ 3 ኢንቹ በቀለበት ሲታጠር፣ ቢበዛ ቢበዛ፣ እንደ 4.2 ኢንች ክፍት ፕሮፔለር ይሠራል። ቀለበቱ ቦታና ክብደት ስለሚወስድ፣ ያንኑ ቦታ ለትልቅ ክፍት ፕሮፔለር መስጠት ብዙውን ጊዜ ይሻላል።

የቻይናው ድሮን አምራች የዲጄአይን ሁለት የታወቁ ምርቶች እንይ። አቫታ 2 ባለ ቀለበት ሲሆን ፕሮፔለሮቹ 3 ኢንች ግድም ናቸው፤ ክብደቱ 377 ግራም፣ ባትሪው 31.7 ዋት ሰዓት፣ ከፍተኛው የበረራ ጊዜ 23 ደቂቃ ነው። ሚኒ 4 ፕሮ ክፍት ሲሆን ፕሮፔለሮቹ 6 ኢንች ግድም ናቸው፤ ክብደቱ 249 ግራም አይሞላም፣ ባትሪው 18.96 ዋት ሰዓት ብቻ ሆኖ 34 ደቂቃ ይበራል። ሲሰላ አቫታ 2 ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደቱ 22 ዋት ያህል ሲፈጅ፣ ሚኒ 4 ፕሮ በ13 ዋት ያህል ይበራል። ልዩነቱ ሁሉ የፕሮፔለሩ አይደለም፤ የአቫታው ምስል ማስተላለፊያና ሌሎች ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችም የራሳቸውን ይወስዳሉ። ዋናው ምክንያት ግን ግልጽ ነው፦ የ3 ኢንቹ ክብ ስፋት የ6 ኢንቹ ሩብ ብቻ ነው፤ ይህን ጉድለት የትኛውም ቀጥ ያለ ቀለበት አይሞላውም።

ወደ ፊት መብረር ሲጀመር የቀለበቱ ጥቅም ይበልጥ ይቀንሳል። አየሩ ከጎን ሲመታው ቀለበቱ ነፋስ ይይዛል፤ የፊተኛው ጠርዝ ከኋለኛው በላይ ስለሚሳብም የድሮኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሞተሮቹ ይህን ለማረም ተጨማሪ ኃይል ያወጣሉ። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሉዊጂ ስቲፓ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ያስበረረው አውሮፕላን ሙሉ አካሉ ቧንቧ ሲሆን ፕሮፔለሩ በውስጡ ነበር። በዝግታ ማረፍ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በፕሮፔለሩ በኩል ያገኘውን ያው ወፍራም አካሉ በአየር መጎተት አሳጥቶታል።

አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ላይ ለሚያበር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ለማንዣበብ የሚያስፈልገው ኃይል በ12 በመቶ ግድም ይጨምራል። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ይህን አይቆጥርም። ትንሽ ፕሮፔለር ያለው ድሮን መጀመሪያውኑ ደቂቃው አጭር ነውና ቅናሹ ይበልጥ ይሰማል።

እንግዲህ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ፣ በእንግዶችና በሕፃናት መካከል የሚቀርጽ ሰው ያለ ማመንታት ባለ ቀለበቱን ይግዛ፤ ፊት ላይ የሚደርስ ጉዳት በደቂቃ ቁጠባ አይካካስም። እርሻ ለሚያነሣ፣ መሬት ለሚለካ፣ ገደልና ሸለቆ ለሚቀርጽ ግን ክፍቱ ነው። ሁለቱንም ሥራ በአንድ ድሮን መሥራት ለሚፈልግ ለሚኒው ተለጣፊ መከላከያ ይሸጣል፤ አሜሪካ ውስጥ ለመዝናኛ የሚያበሩ ወገኖች ግን ልብ ይበሉ፦ መከላከያው ሲታከልበት ክብደቱ ከ250 ግራም ያልፋል፣ ያኔ ድሮኑን ማስመዝገብ ግዴታ ይሆናል።