ስኳር ለቀነሰ ቤት የሚሆን ቡና፦ ወተት፣ ስልባቦት፣ ቅቤ ወይስ ለውዝ?

አባቴ የደም ስኳርዎ ከፍ ብሏል ተብሎ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ዕለት፣ ገና ጋቢውን ሳያወልቅ ደብረ ማርቆስ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቡናዬንም ልትከለክሉኝ ነው?» አለ። «የለም አባባ፣ ስኳሩን ብቻ» አልሁት። አላመነኝም።

ያን ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ደም ውስጥ ገብቶ ስኳር የሚሆነው የምግብ ክፍል፣ ነው። አባቴ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ያደርጋል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲል 24 ግራም ይሆናል፤ ጧትና ማታ ሲጠጣ ደግሞ 48 ግራም። ባዶው ቡና በስኒ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ቡናው ነጻ ነው፤ መመርመር ያለበት አብሮት የሚገባው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቅና ገበያ ያገኘሁትን ሁሉ እቤት አስገብቼ ሞክሬአለሁ። ምን መግዛት እንደሚያዋጣ፣ ምን ገንዘብ እንደሚያባክን ከዚህ በታች እጽፋለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላሳስብ፦ ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱን በአንድ ጊዜ ሲቀንስ የደም ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላልና ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ወተትና ዱቄቶቹ

ወተት ስኳር ባይጨመርበትም የራሱ ስኳር አለው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራም ያህል። በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ ማኪያቶ 70 ሚሊ ሊትር ወተት ቢገባበት 3 ግራም ተኩል መሆኑ ነው፤ ያለ ስኳር ከተጠጣ ለብዙ ሰው አይከብድም። በትልቅ ኩባያ የሚጠጣ ቡና በወተት ግን 200 ሚሊ ሊትር ወተት ሲገባበት 10 ግራም ይደርሳል። ስብ የወጣለት ወተት ለስኳር ሕመምተኛ ይሻላል ብለው በውድ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ከወተቱ የወጣው ስቡ ነው፤ ስኳሩ እንዳለ ነው። ለዚህ ጉዳይ ምንም አይጠቅምም።

የዱቄት ወተት ከምንገምተው በላይ ነው፦ ከ100 ግራሙ 38 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ስለሆነ፣ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ከመጨመር አይለይም። ለቡና ማንጫ ተብሎ የሚሸጠውን ነጭ ዱቄት አትግዙ። የጀርባውን ጽሑፍ ብታዩ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የተጻፈው የግሉኮስ ሽሮፕ ነው። በቆርቆሮ የሚመጣው ወፍራም ጣፋጭ ወተትማ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው።

ስልባቦት ወይስ የታሸገ ክሬም

እኔ ያሸነፈልኝ ስልባቦት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ።

ማታ ሁለት ሊትር ወተት በሰፊ ድስት አፈላለሁ። ሊገነፍል ሲነሣ እሳቱን ቀንሼ ጥቂት ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ያልፈላ ወተት በሽታ ያመጣልና ይህን አልዘልም። ከዚያ ሳላማስል፣ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፍኜ አቀዘቅዘዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ሌሊቱ ራሱ ያግዘኛል፤ ባሕር ዳር ያለችው እኅቴ ግን ሙቀቱ ስለማይፈቅድላት ሲበርድ ወዲያው ፍሪጅ ታስገባዋለች። ጧት ላዩ ላይ ወፍራም፣ ወደ ቢጫ ያደላ ሽፋን ይገኛል። ጠርዙን በጭልፋ ነካ ሲያደርጉት እንደ እርጥብ ጨርቅ ሽብሽብ ብሎ ይሰበሰባል። ከሁለት ሊትር አምስት ስድስት የሾርባ ማንኪያ ይወጣልኛል። የቀረው ወተት ለልጆች ወይም ለእርጎ ይሆናል፤ ስለዚህ ለስልባቦቱ የተለየ ወጪ አላወጣሁም።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ስልባቦት ያለው ካርቦሃይድሬት ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ሁለት ማንኪያ ስልባቦት በሁለት ማንኪያ ሙቅ ውኃ አቅጥኜ፣ መትቼ፣ ወፍራም ቡና ላይ አፈስሰዋለሁ። አንድ ግራም ያህል ብቻ ያለው ማኪያቶ ይሆናል፤ ጣዕሙም ከወተቱ ማኪያቶ ይበልጣል። አባቴ በመጀመሪያው ቀን ስኳር መኖር አለመኖሩን ሳይጠይቅ ነው የጨረሰው።

የታሸገው ክሬም በካርቦሃይድሬት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ በ100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም ያህል ነው። ጥቅሙ ድካም አለመኖሩ ነው። ዋጋው ግን ከወተት ብዙ እጥፍ ነው፣ ከተከፈተ በኋላም በጥቂት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። አንድ ሰው ብቻውን በሚኖርበት ቤት ግማሹ ይበላሻል። የምትገዙ ከሆነ ለኬክ ማስጌጫ የሚሆነውን፣ ከአትክልት ዘይትና ከስኳር የተሠራውን በስሕተት እንዳታነሡ፤ ማሸጊያው በጣም ይመሳሰላል።

ቅቤ

ቡና በቅቤ በውጭ አገር እንደ አዲስ ግኝት ይወራለታል፤ እኛ አገር ግን ኦሮሞ ወገኖቻችን ቡና ቀላን፣ ማለትም በቅቤ የሚበስለውን ቡና፣ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በካርቦሃይድሬት ቅቤን የሚያህል የለም፤ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ስትገዙ ግን ምርጫ አለ። በኮሰረትና በኮረሪማ የነጠረው የወጥ ቅቤ ቡናውን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። የሚሆነው ለጋ ቅቤ፣ ያለ ቅመም ቀልጦ የተጠለለ ነው።

ካልተመታ ዘይት ሆኖ ይንሳፈፋል። በጁስ መፍጫ ሃያ ሰከንድ ያህል ሲመታ አረፋ ያለው፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ መጠጥ ይወጣል። ትኩስ ቡና ያለበትን መፍጫ ክዳኑን ግጥም አድርጎ መዝጋት አደገኛ ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ፈንቅሎት ይወጣል። በብርዱ አገራችን ደግሞ ስኒውን አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ማጠብ ግድ ነው፤ አለዚያ በሦስተኛው ጉንጭ ቅቤው ከንፈር በሚነካበት ጠርዝ ላይ ይረጋል።

አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ካሎሪ ያህል አለው። ይህ ከቁርስ ጋር ሳይሆን በቁርስ ፋንታ የሚጠጣ ነገር ነው። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ስልባቦቱንም ቅቤውንም በልክ ቢያደርግ እመክራለሁ። ለአባቴ ቅቤውን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እሠራለታለሁ።

በጾም ቀን

ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሲመጡ ከላይ ያልሁት ሁሉ ይቀራል። ያን ጊዜ የታሸገ የአኩሪ አተር ወይም የአልሞንድ ወተት የሚገዛ አለ፤ ስኳር ያልተጨመረበት ከተገኘ መልካም ነው፣ ብዙው ግን ተጨምሮበታል። እኔ ለውዝ እገዛለሁ። የተቆላና የተገለጠ 20 ግራም፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ ለውዝ ከአንድ ስኒ ሙቅ ውኃ ጋር ፈጭቼ በጨርቅ አጠልለዋለሁ። ለውዙ በሙሉ ቢቆጠር እንኳ 3 ግራም ያህል ነው፣ ከዚያም ግማሽ ገደማው ወደ ስኳር የማይለወጥ አሰር ነው። ስትገዙ የተጨማደደውንና ሻጋታ የነካውን ለቅማችሁ ጣሉ፤ የለውዝ ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። ሱፍም እንዲሁ ተፈጭቶና ተጠልሎ ነጭ ወተት ይሰጣል። ለእኔ ከቡና ይልቅ ለፍትፍት ይስማማል፤ እናቴ ግን በዚህ አትስማማም።

ማጣፈጫ

የጎጃም ሰው ስኳር ሲከለከል እጁን የሚሰደው ወደ ማር ነው። «የተፈጥሮ ነው» ይባላል። እውነቱ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 6 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከአንድ ማንኪያ ስኳር ይበልጣል። ይህን ለጎረቤቶቻችን ስንት ጊዜ እንደተናገርሁ አላውቅም፣ ገና እናገራለሁ።

ስቴቪያ ካርቦሃይድሬት የለውም፤ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን የሚባል ካርቦሃይድሬት ተቀላቅሎበታል፣ በአንዱ እስከ 1 ግራም ይደርሳል። ጠብታው ወይም የሱክራሎዝ ክኒኑ ይሻላል። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ከሆነ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለዚህ ዓላማ ማጣፈጫዎችን እንዳንጠቀም መክሯል፤ ምክሩ አስቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። በእኛ ቤት የሠራው ስኳሩን በየሳምንቱ በሩብ ማንኪያ መቀነስና ቡናው ላይ ቀረፋ ወይም ጤና አዳም ማድረግ ነው። በሦስተኛው ወር አባቴ ባዶውን መጠጣት ጀመረ።

ዕቃው

በጀበናም በሞካም (ውኃውን በእንፋሎት ግፊት በቡናው ውስጥ በሚያሳልፈው የብረት ማፍያ) ቢፈላ ካርቦሃይድሬቱ አንድ ነው። የሚለየው ለምን መጠጥ እንደምትፈልጉት ነው። ባዶውን ለሚጠጣ ጀበናን የሚተካ የለም፤ የዘጌ ቡና ካገኛችሁ ደግሞ በስልባቦት አታዳፍኑት፣ ለብቻው ጠጡት። ለስልባቦት ግን የጀበና ቡና ይቀጥንበታል፤ ባለ ሦስት ስኒ ሞካ ግዙ። በከሰል የምታፈሉ ከሆነ እጀታው ከእሳቱ ውጭ እንዲሆን አድርጉ፤ የእኔ የመጀመሪያው ሞካ እጀታ ቀልጦ ነው የተጣለው። ኮሌስትሮል የሚያሳስበው ሰው በወረቀት ማጣሪያ ያጥልለው፤ ወረቀቱ ኮሌስትሮል የሚጨምረውን የቡና ዘይት ያስቀራል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መምቻም ግዙ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ከገዛሁት ሁሉ በየቀኑ የማነሣው እሱን ነው።

የቡና ቁርሱን አትርሱ። አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ 30 ግራም ቢመዝን 20 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው፤ ከአምስት ማንኪያ ስኳር ጋር እኩል። አባባ አሁን የቆሎውን ሰሃን ተቀብሎ ለጎረቤት ያሳልፍና ፊቱ ከተቀመጠችው የተቆላ ለውዝ በሁለት ጣቱ ያነሣል።