ለአሮጌ የካምፒንግ ተሳቢ የትኛው የኤሌክትሪክ መግቢያ ይሻላል? ቋሚ ገመድ፣ ተጠምዛዥ መግቢያና ስማርትፕለግ ሲነጻጸሩ

ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት የተሠራ የካምፒንግ ተሳቢ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመረምረው ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ፣ ወለሉ በስብሶ እንደሆነና ጎማው አርጅቶ እንደሆነ ነው፤ ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ግን አምፖሉ ከበራ ነገሩ አለቀ ይባላል። እኔም እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራ፣ ውጩ በሙሉ አልሙኒየም የሆነ ትንሽ ተሳቢ ቨርጂኒያ ውስጥ ስገዛ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ዝናብ ባባራ ማግሥት እርጥብ ሣር ላይ ቆሜ የበሩን እጀታ ስይዝ እጄን እስከ ክርኔ ነዘረኝ። በኋላ ስፒናውን ፈትቼ ሳየው ከእኔ በፊት የነበረ ባለቤት አረንጓዴውን የመሬት ሽቦ ከሥሩ ቆርጦ ጥሎት ኖሯል፤ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሚሠራው አሮጌ ማቀዝቀዣ የሚያፈተልከው ጥቂት ኤሌክትሪክም መመለሻ መንገድ ስላጣ የተሳቢውን አካል በሙሉ ባለ ቮልት አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስቱንም ዓይነት መግቢያዎች በራሴም በጓደኞቼም ተሳቢዎች ላይ ገጥሜያቸዋለሁ። ለመግዛት ለሚያመነታ ሰው ልዩነታቸውን የማስረዳው ከዚያው ሥራ ተነሥቼ ነው።

አስቀድሞ የሚወሰነው የአምፔሩ ጉዳይ ነው

ተሳቢውን ከካምፑ የኃይል ምሰሶ ጋር የሚያገናኘውን መስመር አሜሪካኖች "ሾር ፓወር" ይሉታል። ስያሜው የተወረሰው ከጀልባ ሲሆን፣ ጀልባ ወደብ ላይ ታስሮ ከየብስ የሚወስደውን ኃይል ያመለክታል። በምሰሶዎቹ ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት ሶኬቶች ናቸው። ተራው የ20 አምፔር ሶኬት በ120 ቮልት 2,400 ዋት ይሰጣል፤ ቲቲ-30 የሚባለው ባለ ሦስት እግሩ የ30 አምፔር ሶኬት 3,600 ዋት ይሰጣል፤ የ50 አምፔሩ ደግሞ ባለ አራት እግር ሆኖ እያንዳንዳቸው 120 ቮልት የሆኑ ሁለት ፌዞች፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሽቦዎች፣ ስላሉት በድምሩ 12,000 ዋት ይደርሳል። ለአሮጌ ትንሽ ተሳቢ 50 አምፔር መግጠም ቁጥር 6 የሚባለውን ወፍራምና ከባድ ሽቦ፣ ባለ ሁለት ፌዝ የብሬከር ሳጥንና ለማጠፍ የሚያስቸግር ገመድ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ሁለት ኤር ኮንዲሽነር የሌለው ሰው ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል። ፋብሪካው በገጠመው 15 አምፔር መቆየትም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በዚያ አቅም በሐምሌ ሙቀት ኤር ኮንዲሽነሩ እየሠራ ሌላ ከባድ ዕቃ ማብራት አይታሰብም።

ለእኛ ቤተሰቦች ሒሳቡን የሚያከብደው ምጣዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተገዛ፣ 1,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ 12.5 አምፔር ይፈልጋል፤ የተለመደው የ13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ኤር ኮንዲሽነርም በሙቀት ቀን ከዚህ የማያንስ አምፔር ይወስዳል። ሁለቱ በ30 አምፔር መስመር ላይ አብረው መሥራት ቢችሉም ማይክሮዌቭ ሲጨመርባቸው ብሬከሩ ይዘላል። ከአዲስ አበባ የመጣውን ምጣድ ስለመጠቀም የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ለ220 ቮልት የተሠራ ምጣድ በ120 ቮልት ሲሰካ ከኃይሉ የሚያገኘው 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ እንጀራው ዐይን ከማውጣቱ በፊት ሊጡ ይደርቃል።

በ30 አምፔር የወሰነ ሰው ቤቱ ግቢ ውስጥም ሶኬቱን ማስገጠም ይፈልግ ይሆናል። የቲቲ-30 ሶኬት ሲታይ የድሮውን የልብስ ማድረቂያ ማሽን ሶኬት ስለሚመስል፣ ተሳቢ አይተው የማያውቁ ኤሌክትሪሻኖች 240 ቮልት ያስገቡበታል። ተሳቢው በተሰካበት ቅጽበት ቻርጀሩ፣ ማይክሮዌቩና ኤር ኮንዲሽነሩ አብረው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሥራውን ፈቃድ ላለው ባለሙያ ስትሰጡ "አንድ ፌዝ፣ 120 ቮልት፣ ባለ አንድ ምላስ ብሬከር" ብላችሁ በጽሑፍ ስጡት፤ ከመሰካታችሁ በፊትም በመልቲሜትር ለኩት።

ሦስቱ መግቢያዎች

ቋሚ ገመድ የሚባለው አብዛኞቹ አሮጌ ተሳቢዎች ከፋብሪካ ይዘውት የወጡት ነው። የገመዱ አንድ ጫፍ ውስጥ ካለው የብሬከር ሳጥን ጋር ታስሮ፣ ሌላው ጫፍ ክዳን ባላት ትንሽ ቀዳዳ በኩል ይወጣል፤ ጉዞ ሲጀመር ተመልሶ ይገፋና ከአልጋው ሥር ይጠቀለላል። ሰዎች ኋላ ቀር ነው ብለው ቢንቁትም ትልቅ ብልጫ አለው፤ ከምሰሶው እስከ ብሬከር ሳጥኑ ድረስ የሚነቀልና የሚሰካ ግንኙነት ያለው አንድ ቦታ፣ ምሰሶው ላይ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያቃጥለው ብዙውን ጊዜ በላላ ግንኙነት ላይ እንጂ በገመዱ መካከል አይደለምና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ቀዳዳ አለመፈለጉም የተሳቢውን የቀድሞ መልክ ጠብቆ ማደስ ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል፤ የተቀደደ አልሙኒየም መልሶ አይበቅልም። ጉድለቱ በአያያዝ ላይ ነው። የ30 አምፔር ገመድ በብርድ ቀን እንደ ደረቀ ጠፍር ይገተራል፣ ጭቃውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል፣ ክዳኗ በደንብ ካልገጠመችም አይጥ መግቢያ ታገኛለች። ስትገዙ 25 ጫማ የሆነ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም፣ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ ባለ ቁጥር 10 የጎማ ገመድ ምረጡ፤ ሳጥኑ ላይ ሲገባም ገመዱ ቢጎተት ሽቦዎቹ እንዳይነቀሉ የሚይዝ ማጥበቂያ አብራችሁ ግዙ።

ተጠምዛዥ መግቢያ ከጀልባ ዓለም የመጣ ነው። ግድግዳው ላይ ክዳን ያለው ባለ ሦስት እግር መግቢያ ይገጠማል፤ ገመዱ ይሰካና ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ በፕላስቲክ ቀለበት ይጠብቃል። ገመዱ ስለሚነቀል የትም ይቀመጣል፣ ሲበላሽም ተሳቢውን ሳይነኩ ሌላ መግዛት ይቻላል፣ መለዋወጫውም ካምፖች አጠገብ ባሉ ሱቆች አይጠፋም። ይሁን እንጂ እግሮቹ ቀጫጭን በመሆናቸው የሚነካኩበት ስፋት ትንሽ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይጠመዘዝ የቀረ ስፒና የሚሠራ መስሎ እየጋለ ይቆያል። የመጀመሪያዬ ተጠምዛዥ መግቢያ ሁለት በጋ ካገለገለ በኋላ ገመዱን ስነቅለው እንደ ወትሮው አልወጣልኝም። ጎትቼ ሳወጣው የፌዙ እግር ናስ መልኩ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ እንደ ጧፍ ቀልጦ ተጣብቆበታል፤ ብሬከሩ ግን አንድም ቀን አልዘለለም። ብሬከር የሚያየው የአምፔሩን መጠን እንጂ የግንኙነቱን ግለት ስላልሆነ ከእንዲህ ያለው ቃጠሎ አያድንም።

ስማርትፕለግ የተሠራው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። አይጠመዘዝም፤ ቀጥ ብሎ ይገባና በጎንና በጎኑ ባሉ መያዣዎች ይቆለፋል፣ ክዳኑም ተጨማሪ መያዣ ይሆናል። ቅርጹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ስለሚያስገድድ በጨለማም ቢሆን አያሳስትም። እግሮቹ ወፋፍራም ሆነው በሰፊው ስለሚነካኩ ግለቱ በጣም ይቀንሳል። ኤር ኮንዲሽነሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ከዋለ በኋላ በእጄ ስዳስሰው ከአካባቢው አየር ብዙም አልተለየብኝም። በብዙ ተጠምዛዥ መግቢያዎች ቀዳዳ ላይ እንዲገጥም ተደርጎ የተሠራ በመሆኑም አሮጌውን ለሚተካ ሰው አዲስ መቅደድ አያስፈልግም፤ ያለው ገመድ ጥሩ ከሆነ ጫፉን ብቻ መቀየር ይበቃል። ዋጋው ግን ከተጠምዛዡ በግልጽ ይበልጣል፤ ከከተማ ርቆ የገመዱ ጫፍ ቢሰበር ደግሞ በአቅራቢያ ካለ ሱቅ ምትኩን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ የፋብሪካው ቀዳዳና ክዳን ሳይበላሹ ያሉለት ሰው ቋሚውን ገመድ በአዲስ ገመድ ይተካ እንጂ ግድግዳውን አይቅደድ እላለሁ፤ ብዙዎች በዚህ አይስማሙም፣ ገመድ መጠቅለሉ ያሰለቻቸዋልና። ግድግዳው አስቀድሞ የተቀደደበትና በጋውን በኤር ኮንዲሽነር የሚያሳልፍ ሰው ለስማርትፕለግ የሚከፍለው ልዩነት አይቆጨውም። ተጠምዛዡ የሚስማማው በዓመት ጥቂት ቀን ወጥቶ መብራትና ማቀዝቀዣ ብቻ ለሚያበራ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን በየዓመቱ መጀመሪያ እግሮቹን በባትሪ እያበራ ይመልከት።

መግቢያ ለሚገዛ ሰው ሌላም የሚመዘን ነገር አለ። መግቢያዎቹ በፕላስቲክና በስቴንለስ ስቲል አካል ይሸጣሉ፤ ስቴንለሱ መልከ መልካም ቢሆንም እርጥበት ባለበት ከአልሙኒየም ጋር ሲነካካ አልሙኒየሙን ስለሚበላው ለእነዚህ ተሳቢዎች ፕላስቲኩ ይመረጣል። ዙሪያውን ለመድፈን በሲሊኮን ፋንታ የቡቲል ቴፕ ተጠቀሙ፤ ሲሊኮን አልሙኒየም ላይ አንዴ ከተጣበቀ መፋቁ ፈተና ነው።

ከመግቢያው ጀርባ

በኢትዮጵያ ሙያውን የተማረ ሰው ሽቦን የሚያውቀው 2.5፣ 4፣ 6 እያለ በሚሊ ሜትር ካሬ ነው። በአሜሪካ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ ለ30 አምፔር የሚያስፈልገው ቁጥር 10 ሽቦ 5.26 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ለ20 አምፔር የሚሆነው ቁጥር 12 ደግሞ 3.31 ነው። ለ15 አምፔር የነበረውን ቁጥር 14 ሽቦ ትቶ መግቢያውንና ብሬከሩን ብቻ ወደ 30 ማሳደግ ብሬከሩ ሳይዘል ሽቦው እንዲቃጠል ማመቻቸት ነው። በቀለም በኩል ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኃይሉ የሚመለስበት ኒውትራል፣ አረንጓዴው ወይም ባዶው መዳብ መሬት ነው። በተሳቢው የ12 ቮልት መስመር ላይ ግን ጥቁሩ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጋቲቭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ከአንድ ግድግዳ የወጡ ሁለት ጥቁር ሽቦዎችን ሳይለኩ ማገናኘት አይገባም።

ርዝመትም ዋጋ አለው። 25 ጫማ በሆነ ባለ ቁጥር 10 ገመድ ላይ 30 አምፔር ሲያልፍ የሚጠፋው አንድ ቮልት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በአስማሚ አልፎ ለጓሮ ሣር ማጨጃ በተገዛ 50 ጫማ ባለ ቁጥር 16 ኤክስቴንሽን ላይ ግን 13 አምፔር ብቻ አምስት ቮልት ያስጠፋል፤ ምሰሶው ራሱ 110 ቮልት ከሆነ ኤር ኮንዲሽነሩ የሚደርሰው 105 ነው ማለት ነው፣ በዚህም ሞተሩ እየጋለ ይደክማል።

የቮልቴጅ መከላከያ መግዛት ለሚያስብ ሰው፣ መብረቅና ድንገተኛ ቮልት ብቻ የሚመክተው ርካሹ መሣሪያና ኢኤምኤስ የሚባለው አንድ አይደሉም። የተለመዱት ኢኤምኤሶች ቮልቱ ከ104 ሲወርድ ወይም ከ132 ሲያልፍ መስመሩን ይቆርጣሉ፣ የምሰሶው መሬት ሽቦ ከተቋረጠ ወይም ፌዝና ኒውትራል ከተገለባበጡም አያስገቡም። ምሰሶው ላይ የሚሰካው ዓይነት ለመግጠም አያለፋም፣ ሌባ ግን ይወስደዋል፤ ውስጥ የሚታሰረው አይሰረቅም፣ ሆኖም ቁም ሳጥን ሥር ቦታ ይሻማል። እኔ የመረጥሁት ውስጥ የሚታሰረውን ነው፤ ከመግቢያው በኋላ ስለሚቀመጥ በገመዱ ላይ የጠፋውን ቮልት ጭምር ቆጥሮ ይፈርዳል።

ሽቦ ስትቀይሩ የማይታለፈው ጉዳይ ኒውትራልና መሬት በተሳቢው ሳጥን ውስጥ እንዳይገናኙ ማድረግ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት በኃይል ምንጩ በኩል ብቻ ነው። ለቤት በሚሸጥ የብሬከር ሳጥን ውስጥ ግን የሚያገናኛቸው አረንጓዴ ብሎን ወይም የመዳብ ቁራጭ ሊኖር ስለሚችል ነቅላችሁ አውጡት፤ ካልወጣ የኒውትራሉ ኃይል በተሳቢው አካል በኩል ይመለሳል፣ የምሰሶው ኒውትራልና መሬት በተቋረጡ ጊዜም በሩን የነካውን ሁሉ ይይዛል።

ሥራው ሲያልቅ፣ ገና ምንም ሳይሰካ፣ የሚለኩት ሁለት ነገሮች ናቸው። በስፒናው ኒውትራል እግርና በክቡ የመሬት እግር መካከል መልቲሜትሩ ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ከክቡ እግር እስከ ተሳቢው ሻሲ፣ እስከ ግድግዳው አልሙኒየምና እስከ በሩ እጀታ ደግሞ ከአንድ ኦም በታች መሆን አለበት፤ እጀታው ቀለም ከተቀባ ጫፉን በካቻቪቴ ጫር አድርጋችሁ ለኩ። የእኔ ተሳቢ ከዚያ ሁሉ በኋላ 0.4 ኦም አሳይቷል።