ጉግል ሺትስ ለትርፍ ስሌት፦ አሪፍ ነው፣ ግን "አቬሬጅ"ን ዝም ብላችሁ አትመኑ

የአክሲዮንና የፈንድ ሒሳቤን የምይዘው በጉግል ሺትስ፣ ማለትም በጉግል የሒሳብ ሠንጠረዥ ነው። ነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ይሠራል፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ፎርሙላም አለው። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በአማካይ ጉዳይ ነው።

አማካይ ስትፈልጉ ቀድሞ እጃችሁ የሚገባው "አቬሬጅ" (AVERAGE) የሚባለው ፎርሙላ ነው። ደምሮ ያካፍላል፣ በቃ። ለፈተና ውጤት ይሁን፤ ተከታታይ ዓመታት ላለው ትርፍ ግን ጉድ ይሠራችኋል። የ500 ያህል ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚለካውን ኤስ ኤንድ ፒ 500ን እንይ። የትርፍ ክፍፍሉ ተጨምሮ፣ በፈረንጆቹ 2022 18.1 በመቶ ወረደ፣ በ2023 26.3 ወጣ፣ በ2024 ደግሞ 25 ወጣ። አቬሬጅ 11.1 በመቶ ይላችኋል። በዚህ ሒሳብ 10,000 ዶላር በሦስት ዓመት 13,700 አካባቢ መድረስ ነበረበት፤ የደረሰው ግን 12,930 ገደማ ነው፣ ምክንያቱም የየዓመቱ ትርፍ የሚሰላው ካለፈው ዓመት በተረፈው ገንዘብ ላይ ስለሆነ 18 በመቶ የወደቀ ገንዘብ የነበረበት ቦታ ለመመለስ ብቻ 22 በመቶ መውጣት አለበት። ይህን የሚይዘው ጂኦሜትሪክ አማካይ ነው፤ ደምሮ ሳይሆን አባዝቶ የሚያወጣው። ውጤቱ 8.9 በመቶ።

ፎርሙላው "ጂኦሚን" (GEOMEAN) ይባላል፣ አኩራፊ ነው። ኪሳራ ያለበት ዓመት ስትሰጡት ስህተት ብሎ ይዘጋችኋል። መላው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ላይ 1 ደምሩ (የ2022ቱ 0.819 ይሆናል)፣ አስሉት፣ ከውጤቱ 1 ቀንሱ። ይህን የሚነግራችሁ የለም፤ ኮከቧ የሄደችው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጋራ ፈንዶች (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው የሚያፈሱት) የ5 እና የ10 ዓመት አማካያቸውን በዚሁ በተጠራቀመ ስሌት እንዲያወጡ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ "በአማካይ 11 በመቶ" ብሎ የሚያባብላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ የትኛው አማካይ እንደሆነ ጠይቁት።

አቬሬጅ ጭራሽ አይረባም ማለቴ አይደለም። እኩል ገንዘብ ያስገባችሁባቸው አምስት አክሲዮኖች በአንድ ዓመት ያመጡትን ለማየት ትክክለኛው እሱ ነው። ገንዘቡ እኩል ካልሆነ በየድርሻው መመዘን አለበት።

"ሃርሚን" (HARMEAN) ደግሞ በየወሩ በእኩል ገንዘብ አክሲዮን ለሚገዙ ነው፤ አንዱ አክሲዮን በአማካይ ስንት እንደፈጀ ያወጣል። በየጊዜው 100 ዶላር አውጥታችሁ አንዱን አክሲዮን አንዴ በ10፣ አንዴ በ20 ዶላር ከገዛችሁ 15 አክሲዮን ያዛችሁ፤ አንዱ የፈጀው 13.33 ነው እንጂ 15 አይደለም።

ከደሞዛቸው ለ401 ኬ (በአሜሪካ በአሠሪ በኩል ለሚያዝ የጡረታ ቁጠባ) በየጊዜው የሚያስቆርጡ ወገኖች ግን እነዚህን ሁሉ ትተው በተለያየ ቀን የገባ ገንዘብን ዓመታዊ ትርፍ የሚያሰላውን "ኤክስ አይ አር አር" (XIRR) ይሞክሩ። ቀኑንና ገንዘቡን ነው የሚፈልገው። ያስገባችሁትን በመቀነስ ምልክት፣ ዛሬ ያለውን ጠቅላላ ዋጋ በመደመር ጻፉ። ሁሉንም በመደመር ከጻፋችሁት እሱም ያኮርፋል።