ለአማርኛ ኮድ ስካነር የቱ ይሻላል? ዩቲኤፍ-8፣ 16 ወይስ 32?

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ የኮምፓይለር (ኮድን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) ፕሮጀክት ሲሰጠው «በአማርኛ የሚጻፍ የፕሮግራም ቋንቋ ልሥራ» ቢል አይገርምም። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ጣጣው የሚመጣው ስካነሩ ላይ፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ በቃላትና በምልክቶች በሚከፋፍለው የኮምፓይለሩ ክፍል ላይ ነው፦ ፊደሉን በምን ኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) ያንብበው? ሦስቱም በነጻ ነው የሚገኙት። የሚያስከፍሉት ጊዜና ሜሞሪ ነው።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። «ጎጃም» በዩቲኤፍ-8 9 ባይት ይወስዳል፣ በ16 6፣ በ32 ደግሞ 12። በዚህ ብቻ 16 ያሸነፈ ይመስላል። ግን ኮድ ፊደል ብቻ አይደለም። ክፍት ቦታው፣ ቅንፉ፣ የእኩል ምልክቱ በዩቲኤፍ-8 አንድ አንድ ባይት ሲሆኑ በ16 ሁለት ሁለት ናቸው። ልዩነቱ ወዲያው ይጠባል።

ዩቲኤፍ-16ን በባይት ማንበብ የለየለት አደጋ ነው። «ሠ» ውስጥ የክፍት ቦታ ባይት አለ። «ሊ» ውስጥ የአዲስ መስመር ባይት አለ። «ሀ» ውስጥ ደግሞ ዜሮ ባይት አለ፤ ሲ ቋንቋ ዜሮ ካየ ጽሑፉ አለቀ ብሎ ይቆማል። ሁለት ሁለቱን ባይት እንደ አንድ የ16 ቢት አሃድ ካነበቡ ይህ ይቀራል፤ ሆኖም በ2021 ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት) የጨመራቸው የጉራጊኛ ፊደላት በአንድ አሃድ አይገቡም፣ ጥንድ ይፈልጋሉ። የሲው ዋይድ ካራክተርም (ከአንድ ባይት የሰፋ የፊደል ዓይነት) አያስተማምንም፦ ዊንዶውስ ላይ 16 ቢት፣ ሊኑክስ ላይ 32 ቢት ነው። ላፕቶፕህ ላይ የሠራው ኮድ ላብ ገብቶ ጉድ ሊያደርግህ ይችላል።

ዩቲኤፍ-32 ለጀማሪ የዋህ ነው። አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር። ሜሞሪ ይበላል ይሉታል፤ ለኮርስ ፕሮጀክት ግን ማን ይቆጥረዋል? እውነተኛ ችግሩ ስካነሩ ለየፊደሉ ምን እንደሚያደርግ የሚያይበት ሠንጠረዥ ነው። በባይት የሚሠራ ስካነር 256 አምድ ይበቃዋል፤ እዚህ ግን 1,114,112 ኮድ ፖይንት (የዩኒኮድ ቁጥር) አለ፣ በክልል መከፋፈል የግድ ነው። ፋይሉም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዩቲኤፍ-8 ስለሆነ መጀመሪያ መቀየር አለበት።

እኔ ብመርጥ ዩቲኤፍ-8ን ነው። የግዕዝ ፊደል ባይቶች ሁሉ ከ127 በላይ ስለሆኑ ቅንፍ ወይም ነጠላ ሰረዝ መስሎ የሚያሳስት የለም። ስካነር የሚያመነጨው መሣሪያ ፍሌክስም የሚሠራው በባይት ነው። ዋናው የኢትዮፒክ ክፍል በሄክስ (በአሥራ ስድስት መሠረት ቁጥር) ከኢ1 88 80 እስከ ኢ1 8ዲ ቢኤፍ ስለሚዘልቅ ደንቡ አጭር ይሆናል። «፡» እና «።» እዚያው ክልል ውስጥ ስላሉ ግን ለይተህ አውጣቸው፤ አለዚያ አራት ነጥብ የተለዋዋጭ ስም ውስጥ ይገባል። ጎ እና ረስት የሶርስ ፋይላቸው ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን የሚያስገድዱ ቋንቋዎች ናቸው።

ጉድለቱ የስህተት መልእክት ላይ ይታያል። «ባሕር_ዳር» ከሚለው ስም ቀጥሎ ያለውን ስህተት ባይት የሚቆጥር ስካነር «አምድ 17» ይለዋል፤ ተጠቃሚው ሲቆጥር 7ኛ ነው። ስለዚህ አምዱን በፊደል ቁጠር፤ በሄክስ ከ80 እስከ ቢኤፍ ያሉትን ባይቶች መዝለል ብቻ ነው። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ኢኤፍ ቢቢ ቢኤፍ ካየህም ዝለለው፤ አንዳንድ ኤዲተር ይጨምረዋል።

ጃቫ ላይ የምትሠራ ከሆነ ግን አትታገል፤ እሱ በ16 ነው የሚያስበው። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ክፈትና ጥንዶቹን ብቻ ጠብቅ። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» እንደ አንድ ስም ይቆጠሩ ካልክ ደግሞ ከሦስቱ አንዱም አያግዝህም፤ ሞክሼዎቹን የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ራስህ ትጽፋለህ።