ግራፊክስ ካርድ ወይስ ፕሮሰሰር? ለቪዲዮ ኢንኮዲንግ ገንዘቡ የቱ ላይ ይዋል

ኢንኮዲንግ ማለት ቪዲዮን አጭቆ ለመላክ ወይም ለመጫን ወደሚመች ፋይል መለወጥ ነው፤ ሥራውን ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም ሊሠሩት ይችላሉ። የሁለት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም ይላክልን ሲባል መጀመሪያ ሒሳቡን መሥራት ይሻላል። ያለ ክፍያ የሚላክ ፋይል ጣሪያው 2 ጊጋባይት ነው። ይህ ለ7,200 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 2.2 ሜጋቢት ገደማ ይወጣዋል፤ ድምፁ ድርሻውን ሲወስድ ለምስሉ የሚተርፈው 2 ሜጋቢት ብቻ ነው። ካርድና ፕሮሰሰር የሚለዩት እንዲህ ቦታው ሲጠብ ነው። እስክስታው ሲጦፍና የአዳራሹ መብራት ሲብለጨለጭ፣ በካርድ የወጣው ፋይል ላይ የቬሎው ጥልፍ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይለወጣል፤ ጨለማው ጥግም ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ያንኑ በፕሮሰሰር፣ ኤክስ264 በተባለው የኢንኮዲንግ ሶፍትዌር፣ ዝግ ባለው «ስሎው» ምርጫ ሁለት ዙር ሲያስኬዱት ጥልፉ ባይተርፍ እንኳ ፊቶቹ ይተርፋሉ።

ዩቲዩብ ላይ ለሚጫን ቪዲዮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዩቲዩብ ለ1080ፒ በ30 ፍሬም የሚመክረው 8 ሜጋቢት ነው፤ 16 ቢሰጡትም ይቀበላል፣ ለማንኛውም ራሱ መልሶ ኢንኮድ ያደርገዋል። በዚህ መጠን የካርዱንና የፕሮሰሰሩን ሥራ በዓይን መለየት ስለሚከብድ፣ ፕሮሰሰሩን ሌሊቱን ሙሉ ማስጮህ መብራት ማባከን ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ የካርዱ ኢንኮደር ቺፑ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተቀረጸ ክፍል ነው። ፈጣን የሆነው ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚሞክራቸው አማራጮች ውስን ስለሆኑ ነው። ኤክስ264 ግን በፕሮሰሰሩ ላይ የሚሮጥ ሶፍትዌር በመሆኑ፣ ጊዜ በሰጡት ቁጥር ብዙ አማራጭ እያወዳደረ ትንሿን ቢት የት እንደሚያውላት ይመርጣል። ከዚህ የሚከተል፣ ሻጮች የማይነግሩት ነገር አለ፦ ውድ ካርድ የተሻለ ምስል አያወጣም። የኤንቪዲያዎቹ አርቲኤክስ 4060 እና 4090 የያዙት የአንድ ትውልድ ኢንኮደር ነው፤ 4090 ሁለት ስላለው ይፈጥን ይሆናል እንጂ ጥራቱ ያው ነው።

ያገለገለ ካርድ ለመግዛት ለሚያስብ ስሙ ብቻ አይበቃም። ጂቲ 1030 የኢንኮዲንግ ክፍል ጨርሶ የለውም፤ ከኤኤምዲም አርኤክስ 6400 እና 6500 ኤክስቲ እንዲሁ ባዶ ናቸው። ጂቲኤክስ 1650 በብዛት የሚመጣው ቲዩ117 በተባለው ቺፕ ሲሆን፣ በእሱ ላይ ያለው ኢንኮደር ከጓደኞቹ አንድ ትውልድ ወደኋላ የቀረ ነው። 1650 ሱፐርና 1660 አዲሱን ይዘዋል። የካርዱ ዋጋ ከመከፈሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ጂፒዩ-ዚ የተባለውን የካርድ መመርመሪያ ፕሮግራም ከፍቶ የቺፑን ስም ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጨው ግን በፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» ናት። የኢንቴል አይ5-12400 እና 12400ኤፍ ሁለቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ አላቸው፤ ኤፍ ያለበት በዋጋ ቀነስ ስለሚል ሰው ይወስደዋል። የጎደለው አብሮ የተሠራው ግራፊክስ፣ ከእሱም ጋር የኢንቴል ክዊክ ሲንክ ነው። ክዊክ ሲንክ ራሱን የቻለ ኢንኮደር ስለሆነ፣ ካርድ ሳይገዛ የዩቲዩብ ሥራ ይወጣል። በዚያ ላይ ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 ካሜራ ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ በተባለው ፎርማት የሚቀዳውን፣ ብዙ የቀለም መረጃ የያዘውን የ10 ቢት 4፡2፡2 ኤች265 ቪዲዮ በሃርድዌር ይፈታል። ኤንቪዲያ ይህን የጀመረው በ2025 በወጣው አርቲኤክስ 50 ነው፤ አርቲኤክስ 3060 ወይም 4070 የያዘ ሰው ታይምላይኑ ሲንገጫገጭ ካርዱ ተበላሸ ብሎ የሚራገመው በከንቱ ነው፤ ካርዱ ይህን ዓይነት ቪዲዮ መፍታት አይችልም። እናም በጀቱ ለአንዱ ብቻ ከሆነ፣ ኤፍ የሌለበትን ፕሮሰሰር ግዙና ካርዱ ይቆይ። በኋላ ካርድ ሲሰካ አንዳንድ ማዘርቦርድ የውስጡን ግራፊክስ ያጠፋዋል፤ ባዮስ ገብቶ መልሶ ማብራት ነው።

ካርድ መቅደም ያለበት ቀጥታ ስርጭት ለሚያስተላልፍ ነው። የሥርጭት ፕሮግራሙ ኦቢኤስ በኤክስ264 ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ካልደረሰ ፍሬም ይጥላል፣ ሥርጭቱ ይቆራረጣል፤ በኤንቪዲያ ካርድ ኢንኮደር በኤንቪኢንክ ላይ ግን ፕሮሰሰሩ ለካሜራ መቀያየሪያውና ለጽሑፉ ነፃ ይሆናል። ሥርጭቱን ጎን ለጎን ለመቅዳት ደግሞ ኤምፒ4ን ሳይሆን ኤምኬቪን ምረጡ። ተራው ኤምፒ4 ማውጫውን የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ አይከፈትም።

ካርዱ ተገዝቶም ኤክስፖርቱ ካልፈጠነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሪሚየር ውስጥ ነው። «መርኩሪ ፕሌይባክ» ጂፒዩ ላይ ነው ማለት ኤፌክቱን ካርዱ ይሠራዋል ማለት እንጂ ኢንኮዱን አይደለም። ኢንኮዱ የሚወሰነው ኤክስፖርት ላይ ባለው «ፐርፎርማንስ» ነው፤ እዚያ ሃርድዌር ተመርጦ እንኳ «ቪቢአር 2 ፓስ» (ሁለት ዙር) ሲደረግ ወደ ሶፍትዌር ይመለሳል። ታስክ ማናጀር ላይም «3ዲ» የሚለውን ግራፍ እያዩ ካርዱ ተኝቷል ማለት ያሳስታል፤ የሚታየው «ቪዲዮ ኢንኮድ» የሚለው ነው።

ሁለቱም ያለው ሰው ደግሞ ማማረጥ አያስፈልገውም። ከፕሪሚየር በካርዱ፣ በ50 ሜጋቢት አንድ ዋና ፋይል ያውጣ፤ ለሁለት ሰዓት ቪዲዮ 45 ጊጋባይት ይይዛል። ከዚያ ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ላይ ያንን ፋይል ከፍቶ ኤክስ264፣ «ስሎው»፣ አማካይ ቢትሬት (በሰከንድ የሚወጣው መጠን) 1,900 ኪሎቢት፣ ድምፁን 160 ኪሎቢት፣ ሁለት ዙር አድርጎ ለሌሊት ይተወው። ወደ 1.85 ጊጋባይት ይወጣል። መጠኑን ወደ 720ፒ ማውረድም አይከፋም፤ በዚህች ቢትሬት ንጹሕ 720ፒ ከተጨማለቀ 1080ፒ ይሻላል። የኤች265 ኢንኮደር የሆነው ኤክስ265 በዚያው ቢትሬት ከዚህም የጠራ ምስል ይሰጣል፤ ግን ተቀባዩ ቤት ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ድምፁን ብቻ አሰምቶ ሊቀር ይችላል። በፍላሽ ለሚሰጥም ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ማድረግ ወይም ቪዲዮውን መቁረጥ ነው። ሌሊት መብራት ቢጠፋ የሚደገመው የሃንድብሬኩ ሥራ ብቻ ይሆናል፤ ዋናው ፋይል ዲስኩ ላይ አለ።