ከቆዳ ሥር የገባች ቺፕ፦ ከ8 ወር በኋላ (ጅማ)

ነጥብ፦ ከ5 3።

2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 12 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት የመስታወት ብልቃጥ ናት። ውስጧ ኤንታግ216 የሚባል የኤንኤፍሲ (ስልክ ሲጠጋ ያለ ገመድ መረጃ የሚለዋወጥ) ቺፕና የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ፤ አጭር ጽሑፍ ይጻፍባታል፣ በስልክ ይነበባል። ባትሪ የላትም፤ ኃይል የምታገኘው ከሚያነባት ስልክ ነው። የምትገባው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ነው፤ ግራ እጅ ይሻላል። ቡና ሲወቀጥ ዘነዘናው የሚያርፈው እዚያው ስለሆነ፣ ቀኝ እጁ ላይ ያስገባት ሰው ቁስሉ ሳይጠግ ሙቀጫ አጠገብ አይደርስም።

ትልቁ ቅሬታ የመረጃ መያዣ ቦታ ነው። ያላት 888 ባይት (የመረጃ መጠን መለኪያ) ነው፤ ፎቶ አይታሰብም። የእኛ ፊደል ደግሞ አንዱ ብቻውን 3 ባይት ይበላል። ስለዚህ ጽሑፉን ለማደራጀት የሚሄደው ጥቂት ባይት ሲቀነስ የሚገባው 290 ፊደል እንኳ አይሞላም። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» 37 ባይት ነው። «ኦ ፖዘቲቭ» 16 ባይት ሲወስድ በላቲን በ2 ባይት ያልቃል። ሁለት ነጥብ (፡) መጠቀም ለሚወዱም መርዶ አለ፤ እሷም 3 ባይት ናት፣ ባዶ ቦታ ግን 1።

ንባቡ ጥሩ ነው፤ ግን አቀማመጥ ይጠይቃል። የስልኩ መሃል ላይ መለጠፍ አይሠራም፤ ቺፗ ያለችበትን የእጅ ቦታ የስልኩ አንቴና ጠርዝ ላይ አስጠግቶ ሁለት ሰከንድ ያህል ሳያንቀሳቅሱ መቆየት ነው። አይፎን ላይ አንቴናው ከላይ በኩል ነው፤ አንድሮይድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ነው፣ ስክሪኑም መከፈት አለበት። ብረት ያለበት ኮቨር ከሆነ አውልቁት። ሲጻፍ እጅ ከተንቀሳቀሰ መረጃው ተቆራርጦ ይቀራል፤ እንደገና መጻፍ ብቻ ነው። ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ኤንኤፍሲ ስለሌላቸው መርካቶ ስልክ ቤት ጎራ ብሎ ከመሞከር በፊት ሴቲንግ ውስጥ መኖሩን ማየት ጊዜ ያተርፋል።

ለድንገተኛ ሕክምና ብሎ ማስገባት ግን የዋህነት ነው። ራሱን የሳተ ሰው እጅ ላይ ስልክ ማስጠጋት ማን ትዝ ይለዋል? ኪስ ውስጥ ያለ ወረቀት ይቀድማል። የባንክ ምስጢር ቁጥርም አይጻፍባትም፤ የተጠጋ ሁሉ ያነባል፣ የይለፍ ቃሏም 4 ባይት ብቻ ነው።

ቺፗ ላይ በሚጻፍበት የስልክ አፕ «ቆልፍ» የሚለውን ቁልፍ አትንኩ። አንዴ ከተቆለፈች አትከፈትም፤ ስልክ ቁጥር በተቀየረ ማግስትም አሮጌውን ስትናገር ትኖራለች።