«ሻርፕ ኦብጀክትስ» ወይስ «ዘ ድራይ»?

የቤተሰብ ምስጢርንና ወደ ትውልድ ቀዬ መመለስን የሚተርክ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለሚሻ አንባቢ፣ የጊሊያን ፍሊን «ሻርፕ ኦብጀክትስ» (2006 እ.ኤ.አ.) እና የጄን ሃርፐር «ዘ ድራይ» (2016 እ.ኤ.አ.) ጎን ለጎን ሊታዩ የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው።

በፍሊን መጽሐፍ ውስጥ የቺካጎዋ ጋዜጠኛ ካሚል በልጆች ላይ የደረሰ ግፍን ልትዘግብ ሚዙሪ ወዳለችው የትውልድ ከተማዋ ትመለስና እናቷ ቤት ታርፋለች። ተራኪዋ ራሷ ስለሆነች፣ አንባቢው የእናቲቱን ቅዝቃዜ፣ የሟች እህቷን ትዝታና በገዛ ገላዋ ላይ በስለት የቀረጸቻቸውን ቃላት ከእሷ ጋር ይሸከማል። በሕይወት ያለችው ታናሽ እህቷ የምትጫወትበት፣ የእናታቸውን ቤት እስከ ዕቃው ድረስ አስመስሎ የተሠራው የአሻንጉሊት ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ምን ያህል እንደሚደባበቁ ያሳያል፤ እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የማደንቀውም ይህንን ነው።

የሃርፐር ጀግና፣ የሜልበርኑ የፌዴራል ፖሊስ መርማሪ አሮን ፋልክ፣ ለልጅነት ጓደኛው ቀብር የሚመለሰው ድርቅ ወዳደቀቃት የገጠር ከተማ ነው። የልጅነቱ ወንዝ ደርቆ የሚያገኝበት ትዕይንት እጅግ ያሳዝናል። እዚህ ምስጢሩ ከአንድ ቤት አልፎ የከተማው ሁሉ ሲሆን፣ የጓደኛው አሟሟት ምርመራ ደረጃ በደረጃ ይገለጣል።

ራስን ስለ መጉዳት ማንበብ የሚከብደው አንባቢ በሃርፐር ቢጀምር ይሻላል። የእናትና የልጅን ቁስል እስከ ሥሩ ማየት የሚፈልግ ግን ፍሊንን ያስቀድም።